በስምንት ጌቶች እጅ ያለፈው ብላቴና፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። በሰሜን ያለው ሠፈር የኢትዮጵያ፣ በደቡብ ያለው የኬንያ ነው። ቦረናውና ገብራው፣ ቡርጂውና ሶማሌው፣ ከደጋ የወረደውም ነጋዴ በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ ብዙው ሰውም ጧት ተሻግሮ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን የሚሻገሩት ሁሉ አይመለሱም። ከሐዲያና ከከምባታ ደጋ ወርደው፣ በደላላ እየተመሩ፣ በዚህች ከተማ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙ ወጣቶች ብዙ እንደ ሆኑ በጉባኤዎቻችን ውስጥ የማያውቅ የለም። ከነርሱም መካከል ገና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ይገኛሉ። አንዳንዱ የሚሄደው በሬ ተሸጦለት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ስለ ፈረሰና አትሂድ የሚለው ሰው ስላጣ ነው።

የሀገራችን ልጆች በደላላ እጅ ከአገር የወጡበት ዘመን ግን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ150 ዓመት በፊት መንገዱ ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ ነበር፤ በሮቹም ምጽዋና ታጁራ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ልጅ የሚወጣው ተስፋ ተነግሮት ሳይሆን ተይዞና ተሽጦ ነበር። ሁለቱ ነገር አንድ ነው አንልም። ይሁን እንጂ በሁለቱም ዘመን ደላላው የሚያንኳኳው ደጅ አንድ ዓይነት ነው፤ ጠባቂ የጎደለበትን ቤት ይመርጣል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በዚያ መንገድ ተነድቶ ምጽዋ ከደረሰ በኋላ በእግዚአብሔር ቸርነት ከባሕሩ ዳር የተመለሰውን የአንድ ብላቴና ሕይወት እንተርካለን። ይህም ብላቴና በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባሉት፣ በኦሮሞ ምእመናን ዘንድም አባ ገመቺስ እየተባሉ የሚጠሩት፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት አባት ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በመጽሐፋቸው ነው፤ እኛ ግን አስቀድመን ብላቴናውንና ብላቴናውን ያሳደገውን ቤት እንመለከታለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብላቴናው የተወለደው በ1856 ገደማ፣ በዛሬው ኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ነው። ወላጆቹ ሂካ ብለው ሰየሙት፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ስም አውጪዎቹ ወደ ፊት የሚሆነውን አላወቁም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቅ ነበር። በዚያው በ1856 በሩቅዋ በስዊድን የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። ከዐሥር ዓመት በኋላ መልእክተኞቹ ምጽዋ ላይ ሲወርዱ በልባቸው የያዙት አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነው። ይህን አሳብ በአውሮፓ የዘራው በሸዋ ከ1839 እስከ 1842 የቆየው ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነበረ። ክራፕፍ በሰሜን በኩል መንገዱ ሲዘጋበት በ1844 ወደ ሞምባሳ ሄዶ ከኬንያ ጠረፍ ወደ ላይ ወደ ኦሮሞ ሀገር ለመግባት ተመኘ፤ አልሆነለትም። ስዊድኖቹም እንዲሁ ሆነባቸው። ብዙዎቹ በንዳድ በሽታ አለቁ፤ በሰው እጅ የተገደሉም ነበሩ፤ የውስጡ አገር ግን አልተከፈተም። እነርሱ ወደ ኦሮሞ መሄድ ሲያቅታቸው አንድ የኦሮሞ ልጅ ወደ እነርሱ ደጅ መጣ፤ የመጣውም በእንግድነት አልነበረም።

ሂካ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። የሕይወቱን ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉትና ወደ ባሪያ ፈንጋዮቹ ይቸኩላሉ። እኛ ግን ጥቂት እንቁም። በዚያ ዘመን ቤት ማለት አባት ነበረ፤ ስለ መሬቱ የሚከራከር፣ ከብቱን የሚያስጠብቅ፣ ጦር ይዞ በደጅ የሚቆም እርሱ ነው። አባት ሲሞት ዘመድ ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ወደ እርሻው ይመለሳል። መበለቲቱና ልጁ ግን በዚያው ቤት ይቀራሉ። ሂካ በፈንጋዮች እጅ የወደቀው በ1869፣ አባቱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። እንደ እኔ አሳብ ግን አጥሩ የፈረሰው በ1869 ሳይሆን አባቱ በተቀበረ ቀን ነው። ጅብ የሚገባው አጥር በፈረሰ ማግሥት ላይሆን ይችላል፤ የሚጠግነው ሰው ካልተገኘ ግን አንድ ሌሊት መግባቱ አይቀርም።

ይህን የምለው በግምት ብቻ አይደለም። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ይዛ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ነጻ አወጣች። ወደ ኤደን ተወስደው በሼክ ዑስማን በነበረው የስኮትላንድ ሚሲዮን ከተጠለሉት መካከል 64ቱ የኦሮሞ ልጆች በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደ ተባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። እነዚህ ልጆች እንዴት እንደ ተያዙ አንድ በአንድ ተጠይቀው ታሪካቸው ተጽፎላቸዋል። ከፊሎቹ በወረራ የተማረኩ ወይም ከደጃቸው የተሰረቁ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን በረሃብና በዕዳ ምክንያት በጎረቤት፣ አልፎም በዘመድ እጅ የተሰጡ ናቸው። ልጁን በእህል የለወጠው ሁሉ ጨካኝ ነበረ ማለት አይቻልም። በቤቱ እህል ባይጠፋ፣ ወይም እህል ያለው ጎረቤት ቢደርስለት፣ ልጁ በቤቱ ይቀር እንደ ነበር ግን ማን ይጠራጠራል?

ወደ ሂካ እንመለስ። ከሁሩሙ እስከ ምጽዋ በአየር ቢለካ እንኳ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ግን ተራራውና ወንዙ፣ ቆላውም ተቆጥሮ እጅግ ይበዛል። በዚህ መንገድ ብላቴናው ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ በስምንት ሰዎች እጅ አለፈ። ስምንት ጊዜ የማያውቀው ሰው ፊት ቆመ፤ ስምንት ጊዜ የአዲሱን ጌታ ድምፅና ቍጣ ለማወቅ ተገደደ። ይህ ልጅ ሰው የሚባለውን ሁሉ ቢፈራ፣ የተዘረጋለትን እጅ ሁሉ የሚገዛው እጅ አድርጎ ቢቈጥር ምን ያስደንቃል? ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ነበር።

በ1870 ምጽዋ ላይ የደረሰለት ቨርነር ሙንዚንገር ነው። ሙንዚንገር የስዊስ ተወላጅ፣ በምጽዋም የፈረንሳይ መንግሥት ቆንስል ነበረ። በኋላ ለግብፅ መንግሥት ገብቶ የምጽዋ ገዥ ሆነ፤ በ1875ም በአውሳ ተገደለ። ስለዚህ ሰው የፖለቲካ ሥራ የሚባለው ብዙ ነው፤ ለዚህ ልጅ ያደረገው ግን መልካም ነገር ነው። አርነት አወጣው፤ አርነት አውጥቶም በምጽዋ ጎዳና ላይ አልተወውም፤ ለስዊድን ሚሲዮን አደራ ሰጠው። ነጻ የወጣ ልጅ ከበላዩ ጣራ፣ ከአጠገቡም ሰው ከሌለው ለዘጠነኛው ጌታ ተዘጋጅቶ የቆመ ነውና ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው የሚያንስ ሥራ አይደለም።

በምጽዋና በአጠገቧ ባለችው በእምኩሉ የነበረው የሚሲዮኑ ቤት ሀብታም ቤት አልነበረም። አገሩ እሳት የሚተፋ ሙቀት ያለበት ነው፤ መምህራኑም ራሳቸው ይታመሙና ይሞቱ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቤት ልጁ የማይሸጥበት ማዕድ ነበረ። ከየአገሩ ተፈንግለው ነጻ የወጡ ሌሎች ልጆችም ነበሩ፤ ሂካ ስለ ደረሰበት ነገር ለማስረዳት አፍ መክፈት ያላስፈለገው በእነርሱ ዘንድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉም ያንኑ መንገድ አልፈዋልና። ትምህርቱን በብርቱ ፍላጎት ያዘ። በፋሲካ ዕለት መጋቢት 31 ቀን 1872 ተጠመቀ፤ ስሙም ኦኔሲሞስ ተባለ።

ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች የፊልሞናን መልእክት በሚገባ ያነበቡ ነበሩ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ የተጻፈው ያ የጥንቱ ባሪያ ከጌታው ኰብልሎ በእስር ቤት ካለው ከሐዋርያው ጳውሎስ ጋር የተገናኘ ሰው ነው፤ የስሙም ትርጓሜ ጠቃሚ ማለት ነው። ሐዋርያው ለፊልሞና ጽፎ ሲሰድደው ከባሪያነት አውጥቶ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ለመነው፤ ዕዳም ቢኖርበት ሐዋርያው ራሱ ሊከፍልለት ፈቀደ። ልብ ብለን ብናይ ያ መልእክት ለፊልሞና ብቻ የተላከ አይደለም፤ በቤቱ ላለችው ቤተ ክርስቲያንም ጭምር ነው። አንድን የተሰበረ ሰው መቀበል የአንድ ቸር ሰው ሥራ ብቻ ሳይሆን የጉባኤው ሁሉ ሥራ መሆኑን ሐዋርያው ያውቅ ነበር። የምጽዋው ብላቴና ደግሞ ያንን ስም ሲቀበል ስምንት ሰዎች እንደ ዕቃ የተቀባበሉት ልጅ የሚያስፈልግ ሰው መሆኑ በጉባኤ ፊት ተነገረለት።

በ1876 ወደ ስዊድን ተልኮ በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐኔሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ሲመለስ ምሕረት ኃይሉን አገባ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ብላቴናውን ትተን እርሳቸው እያልን እንተርካለን።

ኦኔሲሞስ እንደ ተመለሱ ያሰቡት ወደ ትውልድ አገራቸው መግባትን ነበር። በሱዳን በኩል ሞክረው በአሶሳ አጠገብ እስካለችው እስከ ፋማካ ደረሱ፤ ከዚያ ግን መንገዱ ተዘግቶባቸው፣ በንዳድም ተይዘው በሚያዝያ 1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። በ1886 ደግሞ በሌላ አቅጣጫ መጥተው እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ፊት እንዲያልፉ ሳይፈቀድላቸው ወደ እምኩሉ ተመለሱ። እግራቸው መሄድ ካልቻለ መጽሐፉ ይሂድ ብለው ወደ ትርጉም ሥራ ገቡ፤ መዝሙሮችንም የእግዚአብሔርንም ቃል ወደ ኦሮምኛ ይተረጕሙ ጀመር።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ግን የባሪያ ፈንጋዮቹ የወሰዱባቸው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ተገለጠላቸው። አርነታቸው ተመልሶላቸዋል፤ ትምህርትም ተጨምሮላቸዋል፤ ቋንቋቸው ግን በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው በቆመበት ቆሞ ነበር። ከብት ጠባቂ ብላቴና የሚናገረውን ያውቃሉ። ሽማግሌዎች በሸንጎ የሚናገሩትን፣ ሴቶች በኀዘን ጊዜ የሚያወጡትን፣ አባት ለልጁ በምሽት የሚያወርሰውን ጥልቅ ቃል ግን የሚሰሙበት ዕድሜ ላይ ሲደርሱ በመካከሉ አልነበሩም። ኢዮብንና መዝሙረ ዳዊትን ለመተርጐም ደግሞ ያ ቃል ያስፈልጋል። ስሙ ተርጓሚ የሆነ ሰው ቃል አጣ። ተፈንግሎ ስለ ተወሰደ ልጅ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ግን አላገኘሁም። ቍስሉ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ፣ ተምሮ ጨርሶ በክብር በተቀመጠ ሰው ላይ፣ በጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት ተገለጠ።

ይህን ጉድለት የሞላችው ሌላዋ የተሸጠች ልጅ ናት። አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ የተወለደች ስትሆን በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት በባርነት የነበረች ናት። በ1886 በዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ ጀልባዋን ይዞ ነጻ አወጣት፤ ወደ እምኩሉም መጣች። ኦኔሲሞስ ከአገራቸው ከወጡ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው የእርሷ ቋንቋ ግን ገና ትኩስ ነበር። በእምኩሉ የነበሩ ሰዎች ያደረጉላትን እጅግ ማስተዋል ያስፈልጋል። የድሮውን እርሺው አላሏትም። ይልቁንም የምታውቀውን እንድትናገር፣ የተናገረችውንም እንድትጽፍ አደረጓት። እርሷም ከልጅነቷ የያዘችውን እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን 500 ያህል ሰበሰበች። ብዙው በ1894 በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መማሪያ ገብቶ ልጆች ማንበብ የሚለምዱበት ሆነ። ለኦሮምኛ መዝገበ ቃላትም ቃሎችን ሰብስባ ሰጠች፤ ትርጉሙም በዚህ መሠረት ላይ ቆመ።

እንግዲህ ያንን ቤት በዓይነ ልቡና እንመልከተው። በስምንት ጌቶች እጅ ያለፈ ሰው ይጽፋል፤ ከባሪያ ጀልባ የወረደች ልጅ ቃሉን ታቀብለዋለች። አንዱ የጎደለውን ሌላይቱ ትሞላለች። በ1893 አዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታተመ፤ በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና፣ በግእዝ ፊደል ታተመ። ኦኔሲሞስም ማተሙን ለመቈጣጠር ራሳቸው ወደዚያ ሄዱ። በዚያው ዓመት ዶክተር ባርት የተባለው ሰው የጻፈው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በኦኔሲሞስና በአስቴር ተተርጕሞ ወጣ።

በዛሬው ዘመን ሐኪሞች ስለ ልጅነት የልብ ስብራት ብዙ መርምረዋል። በ1998 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚገኙ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፣ በልጅነቱ ግፍና የቤት መፍረስ የደረሰበት ሰው ካደገ በኋላ ለሥጋም ለነፍስም ደዌ አብልጦ የተጋለጠ ሆኖ እንደ ተገኘ አስረዱ፤ መከራው በተደራረበ ቍጥርም ደዌው ይበዛል። ፍርሃት ሳይቋረጥ የኖረበት ልጅ አእምሮው እንኳ እንደሚገባ ሳያድግ ይቀራል ይላሉ። ነገር ግን ሌላም ነገር ይጨምራሉ፤ እርሱም የምሥራች ነው። መከራ በደረሰበት ልጅ አጠገብ አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚወድደውና የሚታመን ሰው ከተገኘ፣ ልጁም የሚበላበት ሰዓት፣ የሚማርበትና የሚተኛበት ቦታ የታወቀ ከሆነ፣ የደረሰበትንም ያለ ኀፍረት የሚናገርበት ጆሮ ካገኘ፣ ስብራቱ ሊጠገን ይችላል። የእምኩሉ ሰዎች ይህን በመጽሐፍ አልተማሩትም። ልጅን እንደ ልጅ መያዝ ምን እንደ ሆነ ግን ከወንጌል ያውቁ ነበር።

ኦኔሲሞስ በ1904 ከነባልደረቦቻቸው ወደ ወለጋ ገቡ፤ አስቴርም አብራ ገባች። ቀድሞ በቦጂ በ1898 የደረሱት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ደበላ መንገዱን ከፍተውላቸው ነበር። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በመልካም ተቀበሏቸው። ከአገራቸው ሲወሰዱ ብላቴና፣ ሲመለሱ የሃምሳ ዓመት ሰው ያህል ነበሩ። በነቀምቴም በመጀመሪያ የከፈቱት ነገር የልጆች ትምህርት ቤት ነው። በወለጋ ያኔ ባርነት ገና አልጠፋም ነበር፤ በሀገራችን ባርነትን የሚሽር ድንጋጌ በ1924 ወጥቶ፣ ፍጹም የከለከለው አዋጅ በ1942 እስኪታወጅ ድረስ ብዙ ዓመት ይቀረዋል። እንግዲህ አንድ ሰው በልጅነቱ ከተፈነገለበት ምድር ተመልሶ ልጆችን ሰብስቦ በእናታቸው ቋንቋ ፊደል ሲያስቈጥር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በኦሮምኛ መስበካቸው ግን ተቃውሞ አስነሣባቸው፤ በ1906 ተከሰሱ፤ በአቡነ ማቴዎስም ፊት ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ እንዲሰብኩ ግን አልፈቀዱላቸውም። ስለዚያ ዘመን ቂም መያዝ ለእኛ አይገባንም። እርሳቸውም የተፈቀደላቸውን ሥራ ይዘው፣ በማስፈራራት መካከል፣ ዓመታቱን ሁሉ ልጆችን ሲያስተምሩ ኖሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው፤ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም ፈቃዱ አልተሻረም። ማስተማር ብቻ በተፈቀደላቸው በእነዚያ ዓመታት ያደረጉት ነገር በኋላ ከሰበኩት ስብከት ያነሰ ነው ብዬ አላምንም።

የቦረና ሕዝብ በሞያሌ በሁለቱም ወገን የሚናገረው ቋንቋ እኚህ አባት የተረጐሙበት ቋንቋ ዘመድ ነው፤ ይልቁንም ከዚያ ሕዝብ ልንማረው የሚገባ አንድ ሥርዓት አለ። ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ድርቅ ወይም ዘራፊ ከብቱን የጨረሰበት ሰው ሲኖር ጎሣው ተሰብስቦ ከየመንጋው ላም ያዋጣለታል። ይህም እንደ ምጽዋት አይቈጠርም፤ የተቀበለውም ሰው አንገቱን አይደፋም፤ ነገ ተራው ሲደርስ እርሱም ይሰጣልና። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሲከዱ፣ ከብቱ በየመንገዱ ሲረግፍ፣ ይህ ሥርዓት ከመጠን በላይ ተፈተነ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደኸይ ማን ለማን ያዋጣል? ጉባኤያችን ከደጋው ሊደርስ የሚገባው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያዊቱ ሞያሌ ሰዎች በጥይት ከተገደሉ በኋላ ብዙ ሺህ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኬንያዊቱ ሞያሌ ሸሹ፤ ከነርሱም አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ከፊሎቹ በሶማሬና በዳምባላ ፋጫና በተተከለ መጠለያ ሲያርፉ ከፊሎቹ በዘመድና በወዳጅ ቤት ተጠጉ። ራሳቸው ውሃ በጀሪካን የሚገዙ ሰዎች ደጃቸውን ከፈቱ። በዚያ ሳምንት በዘመድ ምድጃ አጠገብ፣ በሚያውቀው ቋንቋ እየተነገረው ያደረ ልጅና ብቻውን ያደረ ልጅ የሚይዙት ትዝታ አንድ ሊሆን አይችልም።

የእኛ የደጋ ሰዎች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ሲሞት እንደ እኛ የሚያውቅበት የለም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይመጣል፣ ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይገባል፤ ዘማሪዎቻችንም እስከ ሦስተኛው ቀን አይለዩም። ድንኳኑ በተነሣ በስድስተኛው ወርስ? የትምህርት ቤት ክፍያ በደረሰ ጊዜ፣ ጣራው ባፈሰሰ ጊዜ፣ የባል ወንድም መሬቱን በጠየቀ ጊዜ፣ ትልቁም ልጅ ከደላላ ጋር መነጋገር በጀመረ ጊዜ በዚያ ቤት የሚገኘው ማነው? በየጉባኤው የመበለቶች ስም በመዝገብ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። ከስሙ አጠገብ ግን በየሳምንቱ ያንን ደጅ የሚያንኳኳ የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት እናት ስም ካልተጻፈ መዝገቡ ወረቀት ነው። ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ትልቅ ቤት ስለ መሥራት በየስብሰባው ሲነሣ እሰማለሁ። አልቃወምም፤ እምኩሉም እንዲህ ያለ ቤት ነበረች። ነገር ግን እምኩሉ ያሳደገቻቸው ወደ እናታቸው ሊመለሱ የማይችሉትን፣ በመካከል ባሪያ ፈንጋይ የቆመባቸውን ልጆች ነው። እናቱ በሕይወት ያለችለትን ልጅ ከእናቱ ጋር ማቆየት በወጪም ይቀላል፤ ለልጁም ይሻለዋል። ለመበለቲቱ የሚሰጣት አንድ ላም ወይም ለገበያ የሚሆን ጥቂት መነሻ ገንዘብ፣ ለልጁም በክፍሉ ሳይቀር መኖሩን የሚጠይቅ አንድ መምህር፣ ከሩቅ አገር የሚጠበቅ እርዳታ አይደለም። ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውቶቡስ ከየመንደራችን ሲነሣ በውስጡ ማን እንደ ተቀመጠ አስቀድሞ ማወቅ የሚችሉትም በድንበር የቆሙት ወታደሮች ሳይሆኑ የየመንደሩ ጉባኤዎች ናቸው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ እሑድ ሰኔ 21 ቀን 1931 በነቀምቴ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ዓመት ያህል ነበር። ያዘጋጁት መጽሐፍ ቅዱስ በወለጋ ይነበብ ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ ከአገር በወጡ ጊዜ ጉባኤዎቹን ያቆዩአቸው ይህን መጽሐፍ ማንበብ የተማሩት የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ከእነርሱም ሥራ ተያይዞ በጥር 1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። አስቴር ጋኖ ይህን በዓይናቸው ለማየት ደረሱ፤ ያረፉት በ1964፣ በዘጠና ሁለት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ነው። በልጅነታቸው የሰበሰቧቸው ተረቶችና እንቆቅልሾች በወለጋ ልጆች አፍ ውስጥ ነበሩ።